የተሰፋው በር

ሐመልማል ወስፌውን በወፍራሙ ሸራ ላይ አሳርፋ በመዳፏ ስትገፋው፣ እጇ ላይ ያጠለቀችው የቆዳ መከላከያ ሲጥ ይላል። ቢጫው ሸራ ከጉልበቷ ተነሥቶ በወለሉ ላይ ተጥመልምሎ እስከ መጋዘኑ በር ደርሷል። ግራ እጇ ጠርዙን አጥፎ ይይዛል፤ ቀኟ ይወጋል፣ ክሩን ያሳልፋል፣ ስቦ ያጠብቃል። በየስፌቱ መጨረሻ ከስንዴ ቅንጣት የማትበልጥ ቋጠሮ ታኖርና በአውራ ጣቷ ጥፍር ጫን ትላታለች። መጋዘኑ ውስጥ ትልቅ የስፌት ማሽን አለ። ነገር ግን ሰንሰለት የሚገባበትን የታችኛውን እጥፋት ማሽኑ ስለማይደርስበት እሱ የእጅ ሥራ ነው፤ የሐመልማል ሥራ።

መጋዘኑ ሲያትል ውስጥ፣ በዱዋሚሽ ወንዝ ዳር ካሉት የቆርቆሮ ቤቶች አንዱ ነው። ድሮ የጀልባ ሸራ ይሰፋበት ነበር። አሁን የሚበዛው ሥራ የጭቃ መጋረጃ ነው። ወንዙ ከባሕሩ በሚገናኝበት በኩል የመርከቦቹ መንገድ ደለል እየሞላው ስለሚያስቸግር፣ በብርዱ ወራት ጠራጊ መርከብ ይመጣና የብረት መንጋጋውን እያወረደ ጭቃውን ይዝቃል። ጭቃው ደግሞ እንዲያው ጭቃ አይደለም። ፋብሪካዎች ዕድሜ ልካቸውን የደፉት መርዝ ተቀብሮበታል። ሲዛቅ ተበትኖ ዓሣውንና የባሕሩን አውሬ እንዳይፈጅ፣ የሚቆፈረው ቦታ ዙሪያውን በመጋረጃ ይከለላል፤ ከላይ ተንሳፋፊ ይይዘዋል፣ ከታች ሰንሰለት ይጎትተዋል።

ሰው ሥራዋን ሲጠይቃት «መጋረጃ እሰፋለሁ» ነው የምትለው። ቤተ ክርስቲያን የምታውቃቸው ሴቶች የሳሎን መጋረጃ መስሏቸው ጨርቅ ይዘው መጥተው ያውቃሉ። ነገሩን ማስረዳት አሳፍሯት ሰፍታ ሰጠቻቸው።

«እትዬ ሐመልማል፣ ይቺን ቋጠሮ ለሙሽራ ነው ለዓሣ የምትቋጥሪያት?» አለች ሐምዲያ ከጠረጴዛው ማዶ። ሐምዲያ የስልጤ ሴት ናት፤ በዕድሜ ከእሷ ታንሳለች፣ በአፍ ትበልጣታለች። ሁለቱ ኑሮአቸው ለየቅል ሆኖ፣ አንዷ በሌክ ሲቲ፣ አንዷ በሬንተን፣ ቀናቸው ግን በአንድ ጠረጴዛ ላይ ካለፈ ብዙ ዘመን ሆኗል።

«ዓሣም ዓይን አለው» አለች ሐመልማል።

«እንግዲያስ አይቶ ደሞዝ ይጨምርልሽ! አለቃችን ኦልሰን እንደሆነ አልጨመረም።»

ሐመልማል አፏን በእጇ ጀርባ ሸፍና ሳቀች። ስትስቅ አፏን መሸፈን ከልጅነቷ የመጣ ነው።

ልጅነቷ አሰብ ነው ያለፈው። ስፌት የያዘችው በጨው ማምረቻው ነው። አክስቷ ወርቅዬ የጨው ጆንያ ከሚሰፉት ሴቶች አንዷ ነበረች፤ ሐመልማልን ከትምህርት ቤት መልስ አጠገቧ አስቀምጣ በሲባጎ አስጀመረቻት። ነጩ የጨው ክምር ፀሐይ ሲመታው ዓይን ያጠፋል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን ግንባራቸው ላይ ዝቅ አድርገው፣ ላባቸው በአፍንጫቸው ጫፍ እየተንጠባጠበ ይሰፋሉ። የጆንያው ጥግ ሳይዘጋ ከቀረ ጨው እያፈሰሰ ነው ወደ መርከቡ የሚሄደው። እንዲህ ያለ ጆንያ የተገኘ እንደሆነ አሠሪው ይመልሰውና መግቢያው ላይ ይሰቅለዋል። ያን ቀን ያለፈ ያገደመ ሁሉ «የማን እጅ ነው?» ይላል። አንድ ጊዜ የአንዲት ነፍሰ ጡር ጆንያ ሊሰቀል ሲል ወርቅዬ ቀድማ አየችው። ምንም አልተናገረችም። ጆንያውን ወደ ጉልበቷ ሳብ አድርጋ ጥጉን ዘጋችና ከሌሎቹ ጋር ደረበችው። ነፍሰ ጡሯም እስክትሞት አላወቀች። ሐመልማል ይህን ያየች ዕለት ደግነት ማለት ይህ ነው ብላ ያዘችው።

አሰብ ሌላም ነገር ነበረው። የወደቡ ጠራጊ መርከብ ከባሕሩ ሥር የዛቀውን በቧንቧ ወደ ዳር ሲተፋው፣ የሰፈሩ ልጆች ባዶ ቆርቆሮ ይዘው ይሮጣሉ። ከጭቃው ውስጥ ዛጎል ይለቅማሉ፤ ውስጡ እንደ ጽጌረዳ የቀላ፣ ጆሮ ላይ ሲያስጠጉት የሚያጉረመርም። ሐመልማል ለቅማ፣ አጥባ፣ ለመርከበኞች ሸጣለች። አንዳንዱ ዛጎል ውስጥ ባለቤቱ ገና በሕይወት ሆኖ ቀንዱን ያወጣ ነበር። ያን ጊዜ እሱን ከቤቱ ያፈናቀለው ማን ነው ብሎ የጠየቀ ልጅም አዋቂም አልነበረም።

ያኔ በዚያ መርከብ ላይ የመንጋጋውን ሰንሰለት የሚስበውን ዊንች የሚያንቀሳቅስ አንድ ዝምተኛ ወጣት ነበር፤ አማረ ይባላል። መርከቡን «ድራጋ» ነበር የሚለው። በኋላ ባሏ ሆነ። ከነገራት ታሪክ ሁሉ ልጃቸው ማህደር የወደደችው አንዱን ነው። አንድ ጠዋት አንዲት ትልቅ የባሕር ኤሊ ከመንጋጋው ሥር ስትንሳፈፍ አየ። አለቃው ጣሊያን ያስተማረው ቁጡ ሰው ስለሆነ ለኤሊ ሥራ አይቆምም። አማረ «ዊንቹ እምቢ ብሏል» አለና መፍቻ ይዞ ሥሩ ተጋደመ። ኤሊዋ እየተዝናናች እስክታልፍ ደህናውን ብሎን ሲፈታና ሲያጠብቅ ቆየ። «አባዬ ውሸታም ነበር እኮ!» ትላለች ማህደር እየሳቀች፤ ዓይኗ ግን እንባ ያቀርራል።

አሰብን የለቀቁት በሽሽት ነው። ማህደር ጡት ሳትጥል፣ ሰው በሰው ላይ በተጫነበት ጀልባ ወደ ጅቡቲ ተሻገሩ። ከዚያ ወዲህ ሐመልማል ጀልባ ላይ ወጥታ አታውቅም። አማረ በሲያትል ብዙ ሳይቆይ አረፈ። ልጅቷ አድጋ ስለ ባሕር አውሬ ተማረች፤ አሁን በዚያው በወንዙ አፍ፣ በጠራጊው መርከብ ላይ ቆማ ውኃውን ትጠብቃለች። የባሕር አውሬ ከቀረበ «አቁሙ» የምትለው እሷ ናት። እናቷ መጋረጃውን ትሰፋለች፣ ልጅቷ ከመጋረጃው ጀርባ ትጠብቃለች። ሐመልማል ይህን ለሰው ባትናገርም በልቧ ትኮራበታለች።

የዚያን ቀን ረፋዱ ላይ፣ ወስፌው ሸራው ውስጥ እንደተሰካ ስልኳ ጮኸ። ማህደር ነበረች።

«እማ፣ ሥራ ላይ ነሽ? ሶ... ዶንት ፓኒክ፣ ኦኬ?»

ልጇ እንዲህ ካለች አንድ ነገር አለ ማለት ነው።

«ምን ሆንሽ?»

«እኔ ምንም። መጋረጃው ውስጥ አንዲት ቤቢ ገብታለች። ያቺ አንቺ አቆስጣ የምትያት።»

ማህደር የእንግሊዝኛውን ስም ታውቃለች። ሐመልማል ግን ያንን ክብ ራስ፣ ጢማም፣ እንደ እርጥብ ድንጋይ የሚያብረቀርቅ አውሬ መጀመሪያ ያየች ቀን፣ ቤተ ክርስቲያን ሲነበብ የሰማችውን አቆስጣ የሚለውን ስም ሰጥታው ቀርታለች።

«ታዲያ ትውጣ!»

«በየት? በሩን ሊከፍቱት ሞከሩ፣ አልተከፈተም። ሥራውን ስቶፕ አድርገናል። ከሰዓት በኋላ ውኃው ሲሸሽ ሸራው መሬት ላይ ይተኛል፤ ያኔ እጥፋቱ ውስጥ ትጠመድና ትታፈናለች። ለኦልሰን ፎቶ ልኬለታለሁ።»

«የምን በር?» አለች ሐመልማል። ስልኩ ግን ተዘግቷል።

የመጋዘኑ ባለቤት ኦልሰን ከቢሮው ወጣ። ረጅም፣ ጎባጣ ሽማግሌ ነው፤ ሲናደድ ድምፁ ከመጨመር ይልቅ ይቀንሳል። አሁን ከነጭራሹ አይሰማም ነበር። በቀጥታ ወደ ሐምዲያ ሄደ።

«በሩን ክፍት አድርገሽ ተዪው ብዬሽ አልነበረም?»

«ትቼዋለሁ!» አለች ሐምዲያ። «ሁለቱን ክንፍ ደርቤ፣ ሳልሰፋ፣ ልክ እንዳልከኝ።»

ስልኩን አሳያት። ሐምዲያ ጎንበስ ብላ አየች። ሐመልማልም ከጎን አየች። በውኃው ላይ ቢጫው ሸራ፣ በሸራው ላይ አንድ ረድፍ ስፌት፣ በስፌቱ መጨረሻ ከስንዴ ቅንጣት የማትበልጥ ቋጠሮ።

ሐመልማል የራሷን እጅ አወቀች።

ለጥምቀት ፈቃድ ወስዳ ከሥራ ቀርታ ነበር። በማግስቱ ስትመለስ ሐምዲያ አማቷን ሐኪም ቤት ልትወስድ ቀደም ብላ ወጥታለች። ሊጫን የተዘጋጀውን መጋረጃ ዳር ዳሩን ስትዳስስ፣ ሁለት ክንፎች ሳይሰፉ ተደራርበው አገኘቻቸው። ሐምዲያ ለአማቷ ስትቸኩል ዘነጋችው፤ ኦልሰን ሳያይ ልዝጋላት አለች። ዘጋችው፣ አጠነከረችው፣ ለማንም አልነገረችም። ሐምዲያን እንኳ ማሳፈር አልፈለገችም። በዚያ በቀረችበት ቀን ኦልሰን ለባሕር አውሬ መውጫ በር ይኑር ማለቱን፣ ለሐምዲያም አሠራሩን ማሳየቱን ከየት ትወቅ።

ሐምዲያ ከስልኩ ላይ ዓይኗን አነሣች። ቋጠሮዋን አውቃታለች። ያቺ ለነገር ሁሉ ቃል የማያንሳት ሴት ግን አሁን ምንም አልተናገረችም። ጥፋቱ በእሷ ላይ እንደተጫነ ዝም ብላ ቆመች። ሐመልማልን ያስጨነቃት ይህ ዝምታ ነው።

«እኔ ነኝ» አለች በእንግሊዝኛ። ድምፅዋ ስለቀጠነ ደገመችው። «እኔ ነኝ የሰፋሁት። ሐምዲያ አይደለችም።»

ኦልሰን ግራ ገባው። «ለምን?»

ለዚህ የሚሆን እንግሊዝኛ አልነበራትም። በአማርኛም ቢሆን ይቸግራት ነበር።

«የረሳሁ መስሏት ነው» አለች ሐምዲያ በእሷ ፋንታ፤ ከዚያ ወደ አማርኛ ዞራ፣ ቀስ ብላ፣ «አይደለም እትዬ? ረስቼው የሄድኩ መሰለሽ።»

«ኦልሰን እንዳይቆጣሽ ብዬ...»

«ስንት ጊዜ ሸፍነሽልኝ ይሆን? እኔ እኮ ጎበዝ ሰፊ ነኝ ብዬ ነው የምኖረው።»

«ኧረ በእመቤቴ! ሌላ ጊዜ የለም!»

ሐምዲያ ፈገግ አለች፤ ፈገግታዋ ግን ዓይኗ ጋ አልደረሰም። ኦልሰን ሸራው ሳይቀደድ መፈታት አለበት፣ ከተቀደደ የታፈነው ጭቃ በሙሉ ወደ ወንዙ ይወጣል፣ የሰፋው ሰው ሄዶ ይፍታው ሲል፣ የሐመልማልን ካፖርት ከመስቀያው አውርዳ ያቀበለቻት ሐምዲያ ናት።

«ሂጂ። ደግሞ የአቆስጣዋን አፍ እንዳትሰፊው።»

ወደ ጠራጊው መርከብ የምትወስዳትን ጀልባ የሚነዳው ሮቢ የሚባል የአዳማ ልጅ ነው፤ ልጅ ቢባልም ራሱ የልጆች አባት ነው። ብርቱካናማውን የሕይወት ጃኬት አልብሶ ማሰሪያውን ሲያጠብቅላት፣

«እማማ፣ ዋና ያውቃሉ?» አላት።

«ድሮ።»

«ያው ውኃ ነው። ቀዝቃዛ ብቻ ነው።»

«የእኔ ባሕር ሙቅ ነበር» አለች፤ ከአፏ እንዴት እንደወጣ አላወቀችም።

አንድ እግሯን አስገብታ ሁለተኛውን ለማንሣት ጊዜ ወሰደባት። ጀልባዋ ስትወዛወዝ የጅቡቲው ጀልባ፣ የሕፃኗ ለቅሶ፣ የሰው ላብ ሽታ ሁሉ አብሯት ተወዛወዘ። ሮቢ አልቸኮለባትም። ሞተሩን ሳያስነሣ እጁን ዘርግቶ ጠበቃት። ከተቀመጠች በኋላ ካፊያው ፊቷን ረጨው፤ ከንፈሯን ስትልስ ጨው ነበረው። ከጨው ማምረቻው ጋር የሚመሳሰል ጣዕም ነው፤ ፈዘዝ ያለ ብቻ።

ጠራጊው መርከብ በወንዙ መሐል እንደ ፎቅ ቆሟል። መንጋጋው በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ጭቃ ያንጠባጥባል። ማህደር በጠርዙ ላይ ቆማ በእጇ ምልክት ሰጠቻቸው፤ ሮቢ ሞተሩን አጥፍቶ በመቅዘፊያ ተጠጋ። ማህደር ወደ ጀልባዋ ወርዳ ከእናቷ አጠገብ ቁጢጥ አለች።

«ካፕቴኑ ተናዶብሻል?» አለች ሐመልማል በሹክሹክታ።

«ኢትስ ኦኬ። እሱም ልክ ነው እኮ፣ እማ። የሳልመን ዓሣ ጫጩቶች ወደ ባሕር ሳይወርዱ ካልጨረሰ ሥራው ለከርሞ ያድራል፤ መርከቦቹ መንገድ ያጣሉ። እኔ ደግሞ እሷን ትቼ ቀጥል ልለው አልችልም። ሁለታችንም ልክ ነን፤ ችግሩ እሱ ነው።»

ያን ጊዜ አቆስጣዋ ብቅ አለች። ገና ልጅ ናት፤ ጠቃጠቆ ያለባት ግራጫ፣ ዓይኖቿ ጥቁርና ትልልቅ። አፍንጫዋን ከፈተች፣ ፉ ብላ ተነፈሰች፣ ሐመልማልን አየቻት፣ ሰጠመች።

ሐመልማል የእጇን የቆዳ መከላከያ አውልቃ እጇን በስፌቱ ላይ አሳረፈች። የራሷን እጅ ሥራ ማድነቅ የማይገባበት ሰዓት ነበር፤ ግን ጠንካራ ነበር። ከካፖርቷ ኪስ ባወጣቻት ቆልማማ ምላጭ የመጀመሪያዋን ቋጠሮ ቆረጠች። ቀጥላም ሸራውን ሳትነካ በክሩና በሸራው መካከል እያስገባች አንድ አንድ እያለች ፈታች። ጣቶቿ ደነዘዙ፤ በአፏ ትንፋሽ አሞቀቻቸው። ስፌቱ ከውኃው በታችም ይቀጥላል። እጅጌዋን እስከ ትከሻዋ ሰብስባ ክንዷን ስትከት ሮቢ በጃኬቷ ማሰሪያ ያዛት። ቅዝቃዜው አጥንት ይሰብራል። ከውኃው ሥር በዳበሳ ነው የምትፈታው። ወንዙ መሸሽ ጀምሮ የሸራው ታች ቀስ በቀስ ሲላላ፣ ሲተጣጠፍ በክንዷ ይሰማታል።

አቆስጣዋ ከመጋረጃው ወዲያ ማዶ፣ ሸራው ብቻ ለይቷቸው፣ በአፍንጫዋ ጎነጠችው። ጉንተላው ከሐመልማል መዳፍ ላይ አረፈ።

«ቆይ እንጂ፣ ቆይ የኔ እናት» አለቻት። «መጣሁልሽ። እኔ ነኝ የዘጋሁብሽ።»

ማህደር እናቷን ዞር ብላ አየቻት።

የመጨረሻው ክር ሲበጠስ ክንፎቹ በወራጁ ውኃ ተለያዩ። ሮቢ ጀልባዋን ወደ ኋላ ሳበ። ካፕቴኑም ከላይ ሞተሩን አጠፋ፤ ወንዙ ላይ የካፊያው ድምፅ ብቻ ቀረ። አቆስጣዋ ግን አልወጣችም። በሩ ተከፍቶላት ዞራ ወደ ጥግ ሄደች፣ ተመለሰች፣ እንደገና ሄደች። ማህደር የራሷን ሹራብ አውልቃ የእናቷን እርጥብ ክንድ ጠቀለለችበት።

ቆይቶ፣ ከመጋረጃው ውጭ፣ ወደ ባሕሩ በኩል አንድ ክብ ራስ ብቅ አለ። አንዴ ወደ ኋላ ያየች መሰለች። ከዚያ ውኃው ተከደነ።

ማህደር አቆስጣዋ ራቅ እስክትል ጠበቀች፤ ሮቢ ሁለቱን ክንፎች መልሶ ከደረበ በኋላ ሬዲዮውን አንሥታ «ጎ አሄድ» አለች። መንጋጋው በሰንሰለቱ እየተንቋቋ ወረደ። ሐመልማል ያንን ድምፅ ስትሰማ እንባዋ መጣ። አሰብ በማለዳ እንዲህ ነበር የምትነቃው፤ ሰንሰለቱ ሲንቋቋ አማረ ሥራ ጀመረ ትላለች፣ በመስኮቱ የጨው ነፋስ ይገባል፣ ሕፃኗ ትገላበጣለች። ኤሊዋም ድራጋውም በአንድ ባሕር ላይ ነበሩ። ሁለቱንም ትናፍቃለች።

«አባዬ ቢኖር ዛሬ ዊንቹ ተበላሽቷል ይል ነበር» አለች ማህደር።

«መፍቻውን ይዞ ይጋደም ነበር» አለች ሐመልማል፤ አፏን ሳትሸፍን ሳቀች።

ወደ መጋዘኑ ስትመለስ ሐምዲያ ሄዳለች። የሐመልማል ምሳ ሳይነካ በፎጣ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ ፎጣው የሐምዲያ ነው። ኦልሰን አዲሱን በር እንዴት እንደሚሠራ በወረቀት ሥሎ ጠረጴዛዋ ላይ ትቶላታል።

በአውቶቡስ ወደ ሌክ ሲቲ ስትሄድ አንድ ነገር ወሰነች። የሰፈሯ ባለሱቅ ሁዛይፋ ጋ ወርዳ፣ ሐምዲያ የምትወደውን ያን ጥቁር ለስላሳ ቴምር በካርቶን ትገዛለች፤ ነገ ጠዋት ከጠረጴዛው ማዶ ታስቀምጥላታለች፤ ከዚያ ብዙ ቃል ሳያስፈልግ ይቅርታው ይቀላል። ሁዛይፋም ሐምዲያን ያውቃታል፤ ለእሷ መሆኑን ሲሰማ ጥሩውን ይመርጥላታል። ነገሩን በልቧ እየደገመች ጭንቅላቷን መስኮቱ ላይ አስደገፈች። ክንዷ ከሹራቡ ሥር ገና ባሕር ባሕር ይሸታል። ዓይኗን ጨፈነች፤ የጨው ክምሩ፣ የዛጎሉ ቆርቆሮ፣ የወርቅዬ ጎንበስ ያለ ጀርባ መጣ።

ዓይኗን ስትገልጥ አውቶቡሱ ሱቁ ፊት ለፊት ነበር። መብራቱ በርቷል፤ ሁዛይፋ የሽንኩርቱን ሣጥን ወደ ውስጥ እየጎተተ ነው። አውቶቡሱን ለማስቆም የሚሳበው ገመድ ከራሷ በላይ ነበር። እጇን እስከ ግማሽ አነሣች። ቴምሩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ዝም ማለት ያው በሩን ሰፍቶ ዝም እንደ ማለት ሆኖ ታያት፤ ነገ በአፏ ልትነግራት ቆርጣ እጇን መልሳ ጭኗ ላይ አሳረፈች፤ አውቶቡሱም ሱቁን አልፎ ሄደ።